ኤልፍ ልሁን ድዋርፍ? የጌሞቻችንን ዘሮች የቀረጸው ቶልኪን

የፋንታሲ ጌም ስትከፍቱ ገና አንድ እርምጃ ሳትራመዱ ዘራችሁን ምረጡ ትባላላችሁ። ኤልፍ ከሆናችሁ ቀስትና አስማት፣ ድዋርፍ ከሆናችሁ መጥረቢያና ጢም፣ ኦርክ ከሆናችሁ ደሞ ጉልበትና ቁጣ። ለመሆኑ ይሄን ማን አከፋፈለው? ዱካውን ከተከተላችሁ አብዛኛው የሚያደርሳችሁ አንድ እንግሊዛዊ የቋንቋ መምህር ጋ ነው። ጄ.አር.አር. ቶልኪን ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቶልኪን በ1892 በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴይን ከተማ ተወለደ። በ3 ዓመቱ ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ወደ እንግሊዝ ሄደ። አባቱ ሳይከተላቸው እዚያው ታሞ ሞተ። እናቱ ካቶሊክ ስትሆን ዘመዶቿ ይሰጧት የነበረውን እርዳታ አቋረጡባት። እሷም በ1904 በስኳር በሽታ አረፈች፤ ያኔ ኢንሱሊን የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁ 12 ዓመቱ ነበር። ሁለቱን ወንድማማቾች አንድ ቄስ በአሳዳጊነት ተረከባቸው።

ይሄ ልጅ አንድ ሱስ ነበረው፤ ቋንቋ። ላቲንና ግሪክ አልበቃ ብሎት የራሱን ቋንቋ መፍጠር ጀመረ። ከፊንላንድኛ ቃና ወስዶ አንድ የኤልፍ ቋንቋ ሠራ፣ ከዌልስኛ ደሞ ሌላ። ለሱ ቋንቋ ካለ ተናጋሪ ሕዝብ መኖር አለበት። ሕዝብ ካለ ደሞ ታሪክ፣ ዘፈን፣ ቂምና ሐዘን አለው።

ለኛ የሚገርመው የድዋርፎቹ ቋንቋ ነው። የሠራው በሴማዊ ቋንቋዎች ስልት ነው፤ ቃላቱ ከሦስት ተነባቢዎች ሥር ይወጣሉ። እኛ ከነገረ ነገር፣ ንግግር፣ ተናጋሪ እንደምንለው ማለት ነው። ድዋርፎቹ ከቤታቸው የተነቀሉ፣ በሰው አገር በሰው ቋንቋ የሚያወሩ፣ የራሳቸውን ግን ለባዳ የማያሳዩ ሕዝብ ናቸው። ቶልኪን ራሱ ከአይሁዶች ጋር አመሳስሏቸዋል። ስለዚህ ድዋርፍ ቂመኛና ግትር የሆነው ቤቱን የተቀማ ሕዝብ ልጅ ስለሆነ ነው። ጌሞቹ ግን ብዙ ጊዜ ጢሙን ወስደው ስደቱን ይተዉታል።

በ1916 የሚወዳትን ኢዲትን አገባ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ፈረንሳይ፣ የሶም ጦር ግንባር ላይ ነበር። አራት ሆነው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ከተጣበቁት ጓደኞች ሁለቱ በዚያው ዓመት ሞቱ። እሱ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ይዞት ወደ አገሩ ተመለሰ። እያገገመ ሳለ ስለ አንድ የወደቀ የኤልፎች ከተማ መጻፍ ጀመረ። ኤልፎቹ አያረጁም፣ ግን የወደዱት ሁሉ ሲጠፋ ቆመው ያያሉ። ሐዘናቸው ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም።

በ1925 ኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። ሆቢትን በ1937፣ የቀለበቶች ጌታን ከ1954 እስከ 1955 አሳተመ።

በመሀል ብዙ ሰው የማያውቀው ሥራ አለው። በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያወጣው ጥናት የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን ስለሚጠሩበት ቃል ነው። ያኔ ኢትዮጵያዊ ሲባል ከግብፅ በታች ያለውን ጥቁር ሕዝብ በሙሉ ይጠቀልል ነበር። ቶልኪን ቃሉን ፈታቶ የመጀመሪያውን ክፍል ከፀሐይና ከዕንቁ ጋር፣ ሁለተኛውን ከፍምና ከጥላሸት ጋር አያያዘው። ከቃሉ ጀርባ የድሮ የእሳት አጋንንት ተረት እንዳለም ገመተ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ባልሮግ የሚባለው የእሳት ጭራቁ ከዚህ ሳይፈልቅ አይቀርም ይላሉ። አስቡት፤ እንግሊዞቹ አይተውት ለማያውቁት ሕዝብ የአጋንንት ስም ለጥፈው ነበር ማለት ነው።

ዘር የሚለው ጉዳይ እሱንም አልተወውም። በ1938 አንድ የጀርመን አሳታሚ ሆቢትን ለመተርጎም ፈልጎ የአሪያን ዘር መሆን አለመሆኑን ጠየቀው። ቶልኪን ተናደደ፤ ለዚያ የዘር ትምህርት ያለውን ንቀትም በጽሑፍ ገለጸ። መጽሐፉ በጀርመንኛ የወጣው ናዚዎች ከወደቁ በኋላ፣ በ1957 ነው።

ግን ይሄው ሰው ኦርኮችን ፈጠረ። በመጽሐፉ ውስጥ ኦርክ መግደል አያሳዝንም፤ ኦርክ ነዋ! አማኝ ስለነበር ግን ጥያቄው ይከነክነው ነበር። አንድ ሕዝብ በሙሉ ክፉ ሆኖ ሊወለድ ይችላል? መነሻቸውን እስከ እርጅናው ደጋግሞ ቀያየረው፣ መልስ ሳያገኝለት በ1973 በ81 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ ከኢዲት ጋር ነው፤ ድንጋዩ ላይ ከስማቸው ሥር የሁለቱ የታሪኩ ፍቅረኞች፣ የቤረንና የሉቲየን ስም ተቀርጿል።

በዓመቱ፣ በ1974፣ አሜሪካ ውስጥ ደንጆንስ ኤንድ ድራገንስ ወጣ። ከቶልኪን ኤልፉን፣ ድዋርፉን፣ ኦርኩን፣ ሆቢቱን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው (የሆቢት ስም በኋላ በመብት ጥያቄ ተቀየረ)። ባህል የነበረው እዚህ ላይ ሕግ ሆነ። ድዋርፍ ተዋጊ እንጂ አስማተኛ መሆን አይችልም፤ ደረጃውም 6 ላይ ያበቃል። ሰው ብቻ ገደብ የለውም። በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትም የትኛው ዘር ምን መሆን እንደሚችል ወስኖ ነበር። በ2011 የወጣው ስካይሪም ላይ ሁሉም በር ክፍት ነው፣ ግን ኦርኩ በቁጣው፣ ኤልፉ በአስማቱ ቀድመው ይነሳሉ።

አጥሩ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ነው። ደንጆንስ ኤንድ ድራገንስ በ2000 ማንኛውም ዘር ማንኛውንም ሙያ መያዝ እንዲችል ፈቀደ። በ2024 ደሞ ዘር የሚለውን ቃል ራሱን አነሳው፤ የጉልበትና የብልሃት ነጥብም ካደጋችሁበት ሕይወት እንጂ ከተወለዳችሁበት አይመጣም።

አንዳንዱ ተጫዋች ይሄ ጣዕሙን ያጠፋዋል ይላል፤ ሁሉም አንድ ከሆነ ኤልፍ መሆን ምን ትርጉም አለው? እውነት አለው። ግን የቶልኪንን ድዋርፎች እዩ። ጂምሊ ድዋርፍ ነው፣ ሕዝቡ ከኤልፎች ጋር የቆየ ቂም አለው። ያንን ቂም ይዞ መጣ፤ መጨረሻ ላይ የልብ ጓደኛው ሌጎላስ የሚባል ኤልፍ ሆነ። ባህሉ ከየት እንደሚነሳ ነገረው፣ የት እንደሚደርስ ግን ራሱ መረጠ።

ዘር የሚለው ቃል በኛ አገር ከጌም ውጪ ምን እንደሚከብድ ለናንተ አይነገርም። ቀጣዩን ካራክተራችሁን ስትሠሩ እስቲ ይሄን አስቡበት።

እናንተስ ሁሌ የምትመርጡት ማንን ነው? ለምን? ኮመንት ላይ እንገናኝ።