የአናሲሞስ ነሲብ ታሪክ

ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ብዙ ተጽፏልና፣ እኔ ስለ አንድ መምህር ልጻፍ ብዬ ቈረጥሁ። ለዚህም ምክንያት አለኝ። ባለፈው ዓመት እዚህ አንገር ጉቲን በሰፈራችን ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው ትንንሽ ልጆች መምህር እስኪገኝ ድረስ ፊደል እንዳስቈጥር ተለምኜ ነበር። ለሁለት ወር ብቻ ነው ተብዬ የገባሁበት ሥራ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። እውነቱን ለመናገር በነገሩ አኵርፌ ነበር። ጓደኞቼ ለፈተና ሲያጠኑ እኔ ጠመኔ ይዤ ሀ ሁ ማስባሌ ዕድሜዬን የሚበላብኝ መሰለኝ። የታሪክ መምህራችን ማኵረፌን አይተው የአናሲሞስ ነሲብን ታሪክ ያጫወቱኝ ያን ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እናገራለሁ።

አናሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ። ትርጕሙን ኦሮምኛ የሚናገር የክፍል ጓደኛዬን ብጠይቀው፣ ቃሉ መፍታትም መተርጐምም እንደ ሆነ ነገረኝ። በአማርኛችንም ቢሆን እስረኛ ይፈታል፤ ሕልምም ይፈታል። ልጁ ሁለቱንም ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን አስቀድሞ መታሰር ነበረበት። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት፤ ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ነሲብ የሚል ስም ተሰጠውና በመጨረሻ ከቀይ ባሕር ዳር ከምጽዋ ደረሰ። በዚያም የፈረንሳይ ቈንስላ ወኪል የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር በ1870 ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚገኘው ባሪያ ስም ነው።

ከዚህ ወዲህ እሳቸው ብዬ እጽፋለሁ፤ ትልቅ ሰው ሆነዋልና።

በ1876 ወደ ስዊድን አገር ተልከው በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት 5 ዓመት ያህል ተማሩ። ከሞቃቱ ምጽዋ ወጥቶ በበረዶ አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ መማር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ማሰብ አያዳግትም። ነገር ግን አውሮፓ አላስቀራቸውም። በ1881 ተመልሰው ምሕረት ኃይሉ የምትባለውን አገቡና፣ በዚያው ዓመት ወደ ትውልድ አገራቸው የሚያደርሳቸውን መንገድ ጀመሩ። መንገዱ በሱዳን በኩል ነበረ። በካርቱም አልፈው ከአሶሳ ብዙ ከማይርቀው ከፋማካ ደረሱ። ወለጋ ከፊታቸው ነበረች! ግን ማለፍ አልተፈቀደላቸውም። በ1882 ታመውና ደክመው ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ ሱዳንም በማህዲስቶች ዐመፅ ትታወክ ነበር። ከዚያ ወደ ምጽዋ፣ እምኩሉ ወደሚባለው የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገቡ።

እንግዲህ እኔን የነካኝ የታሪኩ ክፍል ይህ ነው። እምኩሉ ለእሳቸው መንገዱ እስኪከፈት ድረስ የሚቆዩበት ማረፊያ ነበረ። የተማሩት እዚያ ለመቅረት አልነበረም፤ ሐሳባቸው ሁሉ ከወገናቸው ዘንድ ነበረ። ሆኖም ይህ ጊዜያዊ ቆይታ 20 ዓመት አለፈው። ሌላ ሰው ቢሆን በር በሩን እያየ በተቀመጠ ነበር። እሳቸው ግን ሲያስተምሩ፣ ሲጽፉና ሲተረጕሙ ኖሩ።

አንድ ችግር ነበረባቸው። ከቤታቸው የተወሰዱት በልጅነታቸው ስለ ሆነ የእናታቸው ቋንቋ ለትልቅ መጽሐፍ በሚበቃ መጠን አልነበራቸውም። ይህን የሞላችላቸው አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም እንደ እሳቸው በባርነት የተሸጠች ስትሆን፣ በ1886 ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ ጣልያኖች አስጥለዋት ወደ እምኩሉ የመጣች ወጣት ነበረች። ከአእምሮዋ ቃላቱን እየሰበሰበች መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ 500 ያህል ተረትና ምሳሌ፣ እንቈቅልሽና ዘፈንም አሰባሰበች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገብተዋል። በእኔ አስተያየት የአስቴር ስም ከአናሲሞስ ስም ጋራ እኩል አለመነሣቱ ተገቢ አይደለም።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታትሞ ወጣ። የተጻፈውም እኔ ለሰፈራችን ልጆች በማስቈጥረው በዚሁ በግእዝ ፊደል ነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት ጠመኔዬን በሌላ ዓይን አየሁት።

መንገዱ የተከፈተው በ1904 ነው። አናሲሞስ አስቴርንና ሌሎች ጓደኞቻቸውን ይዘው ነቀምቴ ሲገቡ፣ ቀድሞ ኩምሳ ሞሮዳ ይባሉ የነበሩት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ዕድሜያቸው ወደ 50 ተጠግቶ ነበር። ትምህርት ቤትም ከፍተው ልጆችን በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ሳይቆዩ ከካህናት ክስ ቀረበባቸውና አዲስ አበባ ተጠሩ። አቡነ ማቴዎስ እንዲጋዙ ፈረዱባቸው፤ ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው፣ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። በመካከሉ ያሉትን 10 ዓመታት አሁንም በማስተማር አሳለፉ። እኔ ሁለት ወሬ ዓመት ሆነ ብዬ ማጕረምረሜን ለመምህሬ ባልተናገርሁ ኖሮ ብዬ የተጸጸትሁት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ነቀምቴ በአውቶቡስ ስሄድ ቀድሞ የማስበው ስለ ገበያውና ስለ ሥጋ ወጡ ነበር። ባለፈው ጥር ግን የአንገርን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ፣ ከእናቱ ጕያ ተነጥቆ የሄደው ያ ልጅ በስንት አገር ዞሮ ወደዚህ እንደ ተመለሰ አሰብሁ። ከሁሩሙ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ስዊድን፣ ከስዊድን ካርቱም፣ ደግሞ እምኩሉ፣ ደግሞ ስዊዘርላንድ! አጠገቤ የተቀመጡ እናት ምን እንደሚያስገርመኝ ጠየቁኝና እስከ ነቀምቴ ድረስ ተረክሁላቸው።

አናሲሞስ ነሲብ በነቀምቴ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ እንደ አውሮፓ በ1931፣ ዐረፉ። ሰኔ የእኛም ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወር ነው። ለሰፈራችን ልጆች መምህር እስከ አሁን አልተገኘም፤ ስለዚህ ክረምቱን ከእነርሱ ጋራ እቆያለሁ። ከመካከላቸው ሦስቱ ሳድሱን ከሳብዑ መለየት ገና አልሆነላቸውም።