ከሽፍታነት ወደ ክህነት፦ አባ ሙሴ ጸሊም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾመ ሐዋርያትን ብዙዎቻችን የሰኔ ጾም እንለዋለን፤ አንዳንዱም የቄስ ጾም ነው በሚል ሰበብ ያልፈዋል። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው ሰኞ ይገባል፤ ሐምሌ 5 ቀን በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ይፈታል። ትንሣኤ ቀደም ባለበት ዓመት ይረዝማል፤ በዘገየበት ዓመት ደግሞ እስከ 15 ቀን ያጥራል። ረዘመም አጠረም ግን ሰኔ 24 ቀን ሁልጊዜ በጾሙ ውስጥ ይውላል። በዚያ ዕለት ስንክሳራችን የሚያስበው አባት ሙሴ ጸሊም ነው።

ስለ እሱ ለመጻፍ ያነሣሣኝን ልንገራችሁ። እኛ በመቅደስ የምናገለግል ሰዎች በየእሑዱ የምናየው ነገር አለ። ሌሊት ተነሥቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእግሩ ቆሞ የሚያስቀድስ ሕዝብ ቅጽሩን ሞልቶት ያረፍዳል። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ግን የሚቀርቡት ሕፃናትና ጥቂት አረጋውያን ናቸው። ጎልማሳው የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ እዚያው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ብታነጋግሩት ገና አልበቃሁም ነው መልሱ። ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ተናዝዟል፣ የተሰጠውን ቀኖናም ፈጽሟል፤ አሳቡ ግን አልለቀቀውም። ሲጸልይ ይመጣበታል፣ ሲተኛ ይመጣበታል። እንደዚህ ላለ ሰው ከሙሴ ጸሊም የተሻለ ባልንጀራ አላውቅለትም።

ሙሴ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ የግብፅ መነኮሳትን ታሪክ የጻፈው ጳላድዮስ ትውልዱ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ መዝግቧል። የዚያ ዘመን ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ፣ የኖባውንም ሰው ጭምር፣ በዚሁ ስም ይጠሩ ነበርና የእኛ ነው የእነሱ ነው እያልን ባንሟገትበት ደስ ይለኛል። ጸሊም ማለት በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። ዛሬ በአክብሮት እንጠራበታለን፤ በሕይወት ሳለ ግን ጥቁረቱን እንደ ስድብ የወረወሩበት ነበሩ። እሱን ኋላ እናየዋለን።

በመጀመሪያ የአንድ ባለሥልጣን አገልጋይ ነበር። ጠባዩ ክፉ፣ እጁም አመለኛ ስለነበር ጌታው አባረረው። እሱም ወጥቶ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ጉልበቱ የሚያስፈራ፣ መብሉም መጠጡም ከልክ ያለፈ ሰው እንደነበር ይነገራል። ከታሪኩ አንዲቱን ብቻ ልጥቀስ። አንድ እረኛ ነበር፤ የእረኛው ውሾች በአንድ ሌሊት ሙሴን ከዝርፊያው አሰናከሉት። ለዚህች ነገር ቂም ያዘና ሊገድለው ቆረጠ። እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን ሲሰማ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አስቀድሞ አይቶት ስለነበር አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። ሙሴም ሰውየውን ሲያጣ ከመንጋው አራት ሙክት አርዶ፣ በገመድ አስሮ እየጎተተ፣ ያንን ሙሉ ወንዝ ተመልሶ ዋኘው። ሥጋውን በላ፤ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለውጦ ጠጣ። ለአንዲት ሌሊት ቂም ይህን ያህል የሚደክም ሰው ነበር እንግዲህ።

ስንክሳር እንደሚነግረን ሙሴ ፀሐይን ያመልክ ነበር። ልቡ ግን አልረጋም። ወደ ፀሐይ እያንጋጠጠ፣ አምላክ ከሆነች እንድታስታውቀው ይጠይቃት ነበር፤ የማያውቀውንም አምላክ ራሱን እንዲገልጥለት ይለምን ነበር። እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። እጁ በደም የተነከረ፣ ያልጾመ፣ ያልሰገደ፣ ያልተጠመቀ ሰው እግዚአብሔርን ልወቅህ የሚል ጥያቄ ከየት አመጣ? አባቶቻችን ይህን ነው ጸጋ የሚሉት። ሰው ወደ እግዚአብሔር አንድ እርምጃ ከመራመዱ በፊት፣ መራመዱን ራሱን በልቡ ያሳደረበት እግዚአብሔር ነው።

የአስቄጥስ መነኮሳት እግዚአብሔርን ያውቃሉ ሲባል ሰማና ሰይፉን እንደታጠቀ ወደ በረሃው ወረደ። አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ናትሩን የሚባለው፣ በካይሮና በእስክንድርያ መካከል በስተ ምዕራብ ያለው ምድረ በዳ ነው። ታላቁ አባ መቃርስ እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ ገብቶበት፣ በዙሪያው ብዙ መነኮሳት ተሰብስበው ነበር። ሙሴን በመጀመሪያ ያገኘው አባ ኤስድሮስ ቀሲስ ነው። መልኩን ሲያይ ደነገጠ፤ የመጣበትን ሲሰማ ግን ይዞት ወደ አባ መቃርስ ሄደ። አባ መቃርስም አስተማረው፣ አጠመቀው፤ ኋላም መነኮሰ።

የቅዱሳንን ታሪክ ስንተርክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እንቸኩላለን። ተጠመቀ፣ መነኮሰ፣ ተጋደለ፣ ዐረፈ ብለን እንጨርሰዋለን። የሙሴ ታሪክ ግን ዋናው ገና መጀመሩ ነው።

የዝሙት ጦር ተነሣበት። በወንበዴነቱ ዘመን የለመደው ሁሉ በበዓቱ ውስጥ ተከትሎት ገባ። ተስፋ ወደ መቁረጥ ሲደርስ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። ኤስድሮስም ገና ጀማሪ ስለሆነ እንዳይደነግጥ አጽናናው፤ ነገሩንም በውሻ መሰለለት። ከሥጋ ቤት ደጅ አጥንት የለመደ ውሻ ቢያባርሩት ይመለሳል፤ ቤቱ ተዘግቶ የሚጥልለት ሲጠፋ ግን ተርቦ በራሱ ይሄዳል። በሌላ ጊዜም ሙሴ ወደ በዓቱ መመለስ አቅቶት ሲቀመጥ፣ ኤስድሮስ ወደ ሰገነት አውጥቶ በምዕራብ በኩል ለጦርነት የሚራወጡትን አጋንንት፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ለእርዳታ የተላኩትን እጅግ የሚበዙትን መላእክት አሳየው።

ሙሴም ተጋድሎውን አከበደ። በቀን የሚበላውን ደረቅ እንጀራ በሚዛን አደረገው፤ በቀን ሃምሳ ጸሎት ያደርስ ነበር፤ እጁም ሥራ አልፈታም። እሳቱ ግን አልጠፋም፤ በሕልሙም ይታገለው ነበር። ይህም አልበቃ ሲለው ስድስት ዓመት ሌሊቱን ሁሉ በበዓቱ መካከል ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይከድን አደረ። ስድስት ዓመት! እኛ ስድስት ቀን ጾመን አሳባችን ካልጠራ ጾሙ ምን ጠቀመኝ እንላለን። እሱ ስድስት ዓመት ቆሞ እንኳ ጦሩ አልተነሣለትም።

ከዚያም ሌላ ድካም ጨመረበት። ሌሊት ሌሊት እየወጣ ውኃ መቅዳት ላቃታቸው ሽማግሌ መነኮሳት እንስራቸውን ይሞላላቸው ጀመር። በረሃ ነውና ውኃው ሩቅ ነው፤ ከአንዳንዱ በዓት እስከ ምንጩ የሰዓታት መንገድ ነበረ። ድሮ ሰው ለመግደል ወንዝ የዋኘበት ያ ጉልበት አሁን የሽማግሌ እንስራ ይሸከማል። እግዚአብሔር ጉልበቱን አልወሰደበትም፤ የሚውልበትን ቀየረለት እንጂ።

አንድ ሌሊት ግን ከጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብሎ ውኃ ሲቀዳ ጠላት ወገቡን በዱላ መታውና እንደ ሞተ ሆኖ ወደቀ። በማግስቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ መነኩሴ አገኘው፤ ለአባ ኤስድሮስ ነገረውና ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አገቡት። አንድ ዓመት ሙሉ ታመመ።

አሁን ኤስድሮስ ያለውን አስተውሉ። ለብርታትም ልክ አለውና ከአጋንንት ጋር እንዲህ መታገሉን እንዲያቆም አዘዘው። ሙሴ ሕልሙ ካልተወው እሱም ውጊያውን እንደማይተው መለሰ። የዚያን ጊዜ ኤስድሮስ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሙ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደተወገደለት አበሠረው፤ ሳይፈራም ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርብ ነገረው። ይህ ሁሉ የደረሰበትም፣ በገዛ ጾሙና በገዛ ብርታቱ ድል ያደረገ መስሎት እንዳይታበይ፣ ለራሱ ጥቅም እንደነበረ ገለጠለት። ሙሴ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ ኤስድሮስ ሲጠይቀው ያ ነገር ተመልሶ እንዳልመጣበት ተናገረ።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ነገሩ ገባችሁ? ስድስት ዓመት ቆሞ ያላገኘውን፣ ታሞ ከአልጋ ወድቆ፣ ምንም ማድረግ በማይችልበት ጊዜ በስጦታ ተቀበለው። ታዲያ ያ ሁሉ ጾምና ስግደት ከንቱ ነበር ማለት ነው? አይደለም። የሥጋ ቤቱን ደጅ የዘጋው እሱ እኮ ነው። ግን ጾም እጅን መዘርጋት ነው፤ በተዘረጋው እጅ ላይ የሚያስቀምጠው እግዚአብሔር ነው። ገና አልበቃሁም የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ በራሱ የሚበቃ ከቶ የለም። ስለዚህ የንስሐ አባታችሁ ፈቅደውላችሁ ሳለ ደጁ ላይ ቆማችሁ የምትቀሩ ካላችሁ፣ ኤስድሮስ ለሙሴ የተናገረው ለእናንተም ነው።

ይህን ያህል የተማረ ሰው በሌላው ላይ ሊፈርድ አይችልም። በአስቄጥስ አንድ ወንድም በኃጢአት ወድቆ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ፣ ሙሴ አልሄድም አለ። ሁሉም እየጠበቁት መሆኑን ልከው ቢያስጠሩት፣ የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ነገሩ ገርሟቸው ቢጠይቁት፣ የራሱ ኃጢአት ሳያየው ከኋላው እየፈሰሰ እሱ ግን በሰው ኃጢአት ሊፈርድ መምጣቱን አስረዳቸው። ወንድምየውንም ምንም ሳይናገሩት ይቅር አሉት።

ስለ ጾምም አንድ ነገር አለ። በአስቄጥስ ሳምንቱን ሁሉ እንዲጾሙ ታዝዞ ሳለ ከሩቅ እንግዶች መጡበትና ትንሽ ወጥ ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ጭሱን አይተው ትእዛዝ ማፍረሱን ለካህናቱ ከሰሱ። ካህናቱ ግን ኑሮውን ያውቁ ነበርና ቅዳሜ ሁሉም በተሰበሰበበት የሰውን ትእዛዝ ቢሽር የእግዚአብሔርን እንደፈጸመ መሰከሩለት። ይህን የምነግራችሁ ጾም እንድትሽሩበት አይደለም። የጎረቤታችሁን ጭስ እንዳትቆጥሩ ነው።

ክህነት የተሾመ ዕለትም ሊቀ ጳጳሳቱ ትሕትናውን ሊፈትን ፈልጎ፣ ወደ መቅደስ ሲገባ እንዲያባርሩት ለካህናቱ ነገራቸው። ጥቁረቱን እየጠሩ አስወጡት። ተከትሎት ያደመጠው ካህን የሰማው ቁጣ አልነበረም። ሙሴ ልክ እንዳደረጉለት፣ ከሰው መካከል መቆም የማይገባው መሆኑን ለራሱ ይነግር ነበር። የሰደቡት ሰዎች ግን ልክ አልነበሩም፤ ይሄ ሳይባል መታለፍ የለበትም።

አንድ ጊዜ አራት ሌቦች ማን እንደሆነ ሳያውቁ በዓቱን ሰብረው ገቡ። ሙሴም አራቱን አስሮ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው አዝሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ ሰው መጉዳት ስለማይፈቀድለት ምን እንደሚያደርጋቸው ወንድሞችን ጠየቀ። ሌቦቹ ያ ዝነኛው ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ ሽፍትነታቸውን ትተው መነኮሱ።

ሙሴ ግን ያፈሰሰውን ደም አልረሳም። ይቅርታውን ተጠራጥሮ አይደለም፤ ዓይኑ ወዲያ ማዶ፣ ወደሚመጣው ዓለም ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ407 ገደማ የበረሃ ዘላኖች አስቄጥስን ሊወሩ መምጣታቸውን አስቀድሞ ለወንድሞች ነገራቸው፤ መሸሽ የሚፈልግ እንዲሸሽ አሳሰባቸው። እሱ ለምን እንደማይሸሽ ሲጠይቁት፣ ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረው እንዲፈጸምበት ያችን ቀን ለብዙ ዓመታት ሲጠባበቅ እንደኖረ ገለጠላቸው። ሰባት ወንድሞች ከሱ ጋር ቀሩ። በወንዙ ውስጥ ሰይፍ ነክሶ የዋኘው ሰው፣ አራት ሌባ በአንድ ጀርባ ያዘለው ሰው፣ እጁን ሳያነሣ ተገደለ። ዕድሜው 75 ነበር፤ 70 ደቀ መዛሙርትም ትቶ ሄደ።

ከሰባቱ አንዱ ፈርቶ ከሰሌኑ ጀርባ ተደብቆ ነበር። ስንክሳር እንደሚለው፣ ከዚያ ሆኖ ሲያይ የእግዚአብሔር መልአክ አክሊል ይዞ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከተደበቀበት ወጣ፤ እሱም ሰማዕት ሆነ።

የአባ ሙሴ ዐፅም ዛሬም በዚያው በረሃ፣ በበራሙስ ገዳም፣ ከመምህሩ ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋር ይገኛል። ረድኤታቸውና በረከታቸው ይደርብን፤ አሜን።