ጆሮና ሰዓት፦ የዋላስ ክሌመንት ሳቢን ሕይወትና ሥራ

በድምፅ መሣሪያ ጉዳይ ባለሙያዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን አምፕሊፋየሩንና ስፒከሩን በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ የድምፁን መዛባት በመቶኛ ካላሰላ፣ የሚያወጣውን ድግግሞሽ በሄርዝ ካልለካ አያምንም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን የመጨረሻው ፈራጅ ጆሮ ብቻ እንደሆነ ያምናል። ክርክሩ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የተወለደ ይመስላል። ነገር ግን የሬዲዮ ቱቦ ከመፈልሰፉ ከአሥር ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በዚሁ ጥያቄ ላይ ሌሊቶቹን ያሳለፈ አንድ የፊዚክስ መምህር ነበር።

ዋላስ ክሌመንት ሳቢን በ1868 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ሪችውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በ18 ዓመቱ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ሃርቫርድ አመራ፤ በዚያም የማስተርስ ዲግሪውን በ1888 ተቀበለ። ለዶክትሬት ግን አልሠራም። በሃርቫርድ ትጉህ መምህር እንጂ ስመ ጥር ተመራማሪ አልነበረም። ዕጣው የተለወጠው በ1895 ነው።

በዚያ ዓመት ሃርቫርድ የፎግ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሕንፃን አስመርቆ ነበር። ሕንፃው አምሮ ተሠርቷል፤ የንግግር አዳራሹ ግን ለንግግር አልሆነም። አንድ ቃል ከተናጋሪው አፍ ከወጣ በኋላ አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል በአዳራሹ ውስጥ ሲያስተጋባ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው እንኳ ከ12 እስከ 15 ክፍለ ቃላት ስለሚጨምር፣ ሁሉም እርስ በርሱ እየተደራረበ ለአድማጩ የሚደርሰው ሁካታ ብቻ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት መፍትሔ እንዲፈልግ ወጣቱን ሳቢን አዘዙት። በዚያን ዘመን የታወቀው ፈውስ በጣሪያው ሥር ሽቦ መወጠር፣ ወይም የአዳራሹን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በተመረጠ ምጥጥን መሥራት ነበር። ሽቦው ምንም እንደማይጠቅም ሳቢን ተረዳ፤ ምጥጥኑም ከልማድ በቀር ማስረጃ አልነበረውም።

እንደ ማንኛውም የፊዚክስ ሰው በመጀመሪያ የተማመነው በመሣሪያ ነው። በድምፅ የሚርገበገብ የጋዝ ነበልባል አዘጋጅቶ እንቅስቃሴውን በመነጽር ለመከታተልና በፎቶግራፍ ለማንሣት ሞከረ፤ ውጤቱ ግን አላረካውም። ስለዚህ ነበልባሉን ትቶ ወደ ገዛ ጆሮው ተመለሰ። በተጨመቀ አየር የሚነፋ፣ በሰከንድ 512 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ የኦርጋን ቧንቧ በአዳራሹ ውስጥ አቆመ። ቧንቧው ዝም ሲል አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰዓት መዝጋቢ ቅጽበቱን ይጽፋል፤ ሳቢን ደግሞ ድምፁ ከጆሮው ሲጠፋ ቁልፍ ይጫናል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ጊዜ የማስተጋባቱ ልክ ነው። ይህንኑ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ አማካዩን ሲወስድ፣ የአንዱ ሌሊት ውጤት ከሌላው ጋር ተስማማ።

ለሙያ ባልደረቦች ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። ሳቢን ጆሮውን የጠየቀው ድምፁ ያማረ መሆን አለመሆኑን አልነበረም፤ አለ ወይስ ጠፋ ብሎ ብቻ ነበር። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሰው ጆሮ በዘመኑ ከነበረ መሣሪያ ሁሉ የላቀ ነው፤ የቧንቧው ድምፅ መጀመሪያ ላይ የነበረው ኃይል፣ ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው እጅግ ደካማ ድምፅ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበርና።

ሥራው የሚካሄደው የከተማው የመንገድ ባቡርና የተማሪዎቹ ኮቴ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ነበር። ሳቢንና ረዳቶቹ በድምፅ አያያዙ ከተመሰገነው ከሳንደርስ ቴያትር የመቀመጫ ትራሶችን እየተሸከሙ ያመጣሉ፤ ጥቂት በጨመሩ ቁጥር ይለካሉ፤ ሳይነጋም ትራሶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ። 8 ሜትር ያህል ትራስ ሲገባ ጊዜው ወደ 5.33 ሰከንድ ወረደ፤ 104 ሜትር ሲሞላ 3.33 ሆነ። በመካከሉ ግን ቁጥሮቹ አልገጥም አሉት። ምክንያቱን ሲያጣራ ጥፋቱ ከገዛ ልብሱ ተገኘ፤ የለካው ሰው የለበሰው ካፖርትና ሱሪ በተለወጠ ቁጥር የሚውጠው ድምፅም ይለወጥ ነበር። ሁለት ወር የፈጀና ከ3,000 የሚበልጥ ልኬት ጣለ፤ ከዚያ ወዲያ ዘወትር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ለካ። ይህን ያህል ድካም ያለ ማመንታት የሚጥል መሐንዲስ ብዙ አይገኝም።

ፕሬዚዳንት ኤሊየት ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። በ1898 ግድግዳው ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ተለጥፎ አዳራሹ ለትምህርት በቃ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን የተባሉት ባለጸጋ ለቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አዲስ አዳራሽ ሊያሠሩ ነው፤ የሥነ ሕንፃው ባለሙያ ቻርልስ ማኪም ነው፤ የድምፁ አማካሪ ሳቢን ይሁን ተባለ። ሳቢን እሺ ከማለቱ በፊት ጊዜ ጠየቀ፤ በእጁ የነበሩት የቁጥር ክምር እንጂ ሕግ አልነበረምና። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ አንድ ምሽት ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ሃይፐርቦላ ላይ እንደሚያርፉ ታየው። በቤት ውስጥ አብራው ለነበረችው እናቱ በደስታ ጮኾ እንደነገራት ይተረካል።

ሕጉ እጅግ ቀላል ነው። የአዳራሹ ይዘት በኩብ ሜትር ተወስዶ በ0.164 ይባዛል፤ ውጤቱ ግድግዳው፣ ወንበሩና ሰዉ በሚውጡት የድምፅ መጠን ይካፈላል፤ የሚገኘው የማስተጋባቱ ጊዜ በሰከንድ ነው። ለመዋጡ መለኪያ ያደረገው ክፍት መስኮትን ነበር፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና። ዛሬ ቁጥሩ 0.161 ሆኖ ይሠራበታል።

ሳቢን በዚህ ቀመር በጀርመን አገር የሚመሰገነውን የላይፕሲግ ጌቫንድሃውስ አዳራሽ አሰላና 2.30 ሰከንድ አገኘ። ላይፕሲግ ያኔ ከ1,500 ሰው ብዙም አይዝም ነበር፤ ቦስተን የፈለገችው ደግሞ 2,600 ገደማ መቀመጫ ነው። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ማሳደግ ድምፁን እንደሚያበላሽ አስረድቶ፣ አዳራሹ በጠባብ ሣጥን ቅርጽ እንዲሆንና ሁለት ሰገነት እንዲኖረው መከረ፤ ለአዲሱም 2.31 ሰከንድ ተነበየ።

አዳራሹ በጥቅምት 15 ቀን 1900 በቤትሆቨን ሚሳ ሶሌምኒስ ተመረቀ። ሳቢን የሚጠብቀው ፍርድ ከሰዓት መዝጋቢው ሳይሆን ከጋዜጣ መጣ፤ ከቦስተን የሙዚቃ ሐያሲዎች አንዳንዶቹ ድምፁን ነቀፉ። ስሙን በአንድ ሕንፃ ላይ ላስያዘ የ32 ዓመት መምህር ነገሩ ቀላል አልነበረም።

ቢሆንም ከጆሮ ጋር አልተጣላም። በ1902 በቦስተን የኒው ኢንግላንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በአምስት የፒያኖ ክፍሎች አንድ ፈተና አካሄደ። አምስት የሙዚቃ ሊቃውንት ተሰበሰቡ፤ ፒያኖው እየተመታ ትራስ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል፤ ሊቃውንቱም ክፍሉ ለፒያኖ የተስማማበትን ነጥብ በጆሯቸው ብቻ ይወስናሉ። ሰከንዱ የተሰላው ፍርዳቸው ከተሰጠ በኋላ ነበር። የአምስቱ ክፍሎች ውጤት 0.95፣ 1.10፣ 1.16፣ 1.09 እና 1.10 ሆነ፤ አማካዩ 1.08 ሰከንድ። ክፍሎቹ በስፋት ይለያዩ ነበር፤ ሆኖም የሠለጠነ ጆሮ ሳያውቀው ወደ አንድ ቁጥር ሄደ። ሳቢን ይህን በ1906 አሳተመ። ሁለት አምፕሊፋየሮችን የድምፃቸውን ከፍታ ሳያስተካክል በየሱቁ የሚያወዳድር ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነበው መልካም ነበር፤ ጥቂት ከፍ ያለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና።

ከዚያ በኋላ ሳቢን በሕንፃ ድምፅ ጉዳይ የብዙዎች አማካሪ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ አገልግሎ ጤናው ተጎድቶ ተመለሰ፤ በጥር ወር 1919 በ50 ዓመቱ ሞተ። ጆርጅ ፌቢያን የተባለ ባለሀብት በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ያሠራለት የሪቨርባንክ ላቦራቶሪ ለሌላ ሳቢን፣ ለሩቅ ዘመዱ ለፖል፣ ቀረ። የድምፅ መዋጥ መለኪያ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ሳቢን ይባላል።

በኋላ ዘመን በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሲለካ፣ ሕዝብ የሞላበት የቦስተን አዳራሽ 2.31 ሳይሆን 1.9 ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሳቢን ተመልካቹን በነፍስ ወከፍ መቁጠሩ ነው፤ የሚውጠው መጠን የሚወሰነው በተቀመጠበት ስፋት መሆኑን ሊዮ ቤራኔክ በ1960 አሳየ። ትንበያው ተሳስቷል፤ አዳራሹ ግን ከቪየናው ሙዚክፈራይንና ከአምስተርዳሙ ኮንሰርትሄባው ጋር ከዓለም ምርጥ ሦስቱ አንዱ እንደሆነ ቤራኔክ የጠየቃቸው የኦርኬስትራ መሪዎች መሰከሩ። በ2006 የመድረኩ ወለል ሲታደስ ኃላፊዎቹ በማንኛውም ስሌት አልተመኩም። እንደ ድሮው ያለ የሜፕል እንጨት ተመረጠ፤ ከሥሩ የተጨመቀ ሱፍ ተነጠፈ፤ ሚስማሮቹም አንድ በአንድ በእጅ ተመቱ።