ከመካ ነጋዴነት እስከ ግብፅ ገዥነት፦ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ)

ዘመኑ 43ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. 664 ነው። የረመዳን ጾም ተፈጽሞ የሸዋል ጨረቃ ታይታለች። በግብፅ የፉስጣጥ ከተማ ሕዝብ ለዒድ አልፈጥር ሶላት ሲሰናዳ የአገሩ ገዥ ማረፋቸው ተሰማ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ልጃቸው ዐብዱላህ መጀመሪያ በአባታቸው ጀናዛ ላይ ሰገዱ፤ ከዚያም ሕዝቡን የዒድ ሶላት አሰገዱ። በዚያ ዕለት ከዚህ ዓለም የተሰናበቱት ዐምር ኢብኑል ዓስ ናቸው። ግብፅን ያስተዳደሩት እኚህ ሰው ኑሯቸውን የጀመሩት በሲራራ ንግድ ነበር። የሕይወታቸው ታላቅ ለውጥ የተጀመረው ደግሞ በእኛው አገር፣ በሐበሻ ምድር ነው።

ዐምር ከቁረይሽ ጎሳ የበኑ ሰህም ቤተሰብ ልጅ ናቸው። አባታቸው አል-ዓስ ኢብን ዋኢል የታወቁ የመካ ባለጠጋ ነበሩ። ልጁም የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው በግመል ጭነት ወደ ሻም፣ ወደ የመን፣ ቀይ ባሕርንም ተሻግረው ወደ ሐበሻ ተመላለሱ። በመካ ሰዎች ዘንድ አንደበተ ርቱዕና መላ አዋቂ ተብለው ይታወቁ ነበር።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ተከታዮቻቸውን ከመካ መከራ ለማዳን ወደ ሐበሻ ሲልኩ፣ ቁረይሾች ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ከመረጧቸው ሁለት መልእክተኞች አንዱ ዐምር ነበሩ። ዐምር የቤተ መንግሥት ደጅ እንዴት እንደሚጠና ያውቃሉ። ምርጥ የመካ ቆዳ እጅ መንሻ ይዘው መጡና አስቀድመው ለሹማምንቱ አደሉ፤ ከዚያም ንጉሡ ፊት ቀረቡ። ንጉሥ ነጃሺ ግን ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አልፈርድም አሉ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ስለ እምነታቸው አስረድተው ከመርየም ምዕራፍ ሲያነቡ ንጉሡ አለቀሱ፤ ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም። እጅ መንሻውም ተመለሰ።

ዓመታት አለፉ። ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ ዐምር የቁረይሾች ነገር እየተዳከመ መሄዱን ተረዱና ዳግመኛ ቆዳ ጭነው ወደ ነጃሺ መጡ። በቤተ መንግሥቱ የነቢዩን መልእክተኛ ሲያዩ ይሰጠኝና ልግደለው ብለው ጠየቁ። ንጉሡ ክፉኛ ተቆጡ። ዐምር ያን ቁጣ ሲያዩ ልባቸው ተነካ፤ እዚያው በነጃሺ እጅ እስልምናን እንደተቀበሉ ይተረካል። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ከኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ጋር መዲና ገብተው ለነቢዩ ቃል ኪዳን ገቡ። ያለፈው በደላቸው ቢያስጨንቃቸውም እስልምና ከእርሱ በፊት ያለውን እንደሚያጠፋ ተነገራቸው።

ከዚያ በኋላ ሹመት በሹመት ላይ መጣ። ነቢዩ ወደ ዑማን ላኳቸው፤ ሁለቱን ወንድማማች ገዥዎች፣ ጀይፈርንና ዐብድን፣ ወደ እስልምና ጠርተው እስከ ነቢዩ ኅልፈት በዚያው ቆዩ። በአቡበክር ዘመን በፍልስጥኤም ጦር መሩ። እ.ኤ.አ. በ639 መጨረሻ ደግሞ 4 ሺህ ገደማ ሰው ይዘው ወደ ግብፅ ገቡ። በ641 የባቢሎን ምሽግ ተያዘ፤ በዚያው ዓመት በተደረገው ስምምነት መሠረት እስክንድርያ በ642 ተለቀቀች።

ዐምር ባቢሎን አጠገብ ፉስጣጥን ቆረቆሩ፤ በግብፅ የመጀመሪያ የሆነውንም መስጊድ ሠሩ። ከዓባይ እስከ ቀይ ባሕር ይደርስ የነበረውን ጥንታዊ ቦይ አስጠርገው የግብፅ እህል በመርከብ ወደ ሒጃዝ እንዲጓዝ አደረጉ። ከቢዛንታይን ሹማምንት ሸሽተው ለዓመታት የተደበቁት የቅብጥ ፓትርያርክ ብንያምም በዐምር ዋስትና ወደ መንበራቸው ተመለሱ። በዚያው መቶ ዓመት የኖሩት የኒቅዮሱ ጳጳስ ዮሐንስ የግብሩን ክብደት እያማረሩ የጻፉ ሰው ቢሆኑም፣ ዐምር የአብያተ ክርስቲያናትን ንብረት እንዳልነኩ መስክረዋል። ይህ የጳጳሱ ታሪክ ዛሬ የሚገኘው በግዕዝ ትርጉሙ ብቻ ነው።

የዐምር ትልቁ ፈተና ግን ከጦር ሜዳ ይልቅ ከሀብት ጋር የተያያዘ ነበር። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) የሚሾሟቸውን ሰዎች ሀብት ያስመዘግቡ ነበር። የዐምር ከብትና ዕቃ መብዛቱን ሲሰሙ ከየት እንደመጣ ጠየቁ። ዐምር ግብፅ የእርሻና የንግድ አገር ናት፤ ያተረፍኩት ነው ሲሉ መለሱ። ዑመር ግን በሥልጣን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ትርፍ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ትርፍ አይታይም ባይ ነበሩ። ሙሐመድ ኢብን መስለማን ልከው ሀብታቸውን እኩል አስከፈሉ፤ ግማሹ ለሕዝብ ግምጃ ቤት ገባ። ዐምር ቢከፋቸውም ትእዛዙን ተቀበሉ።

ሆኖም ገበሬው ከአቅሙ በላይ ግብር እንዲጫንበት አልወደዱም። በዑስማን ዘመን ተሽረው ተተኪያቸው የበለጠ ግብር ባስገባ ጊዜ፣ ግመሏ ብዙ ወተት የታለበችው ግልገሎቿ ተርበው ነው የሚል ትርጉም ያለው ወቀሳ እንደሰነዘሩ ይነገራል።

በሙስሊሞች መካከል በተነሣው ፍጅት ከሙዓዊያ ጎን ቆሙ፤ በሲፊን ጦርነት ማግስት ለሽምግልና ከተመረጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ658 ዳግም ግብፅን ያዙ። በ40ኛው ዓመተ ሒጅራ ረመዳን ዓሊ (ረ.ዐ) በተመቱበት ሴራ ለዐምርም ገዳይ ተመድቦ ነበር። በዚያ ንጋት ስለታመሙ በእርሳቸው ፈንታ ያሰገደው ሰው ተገደለ።

በሞት አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው አለቀሱ። ሕይወታቸውን በሦስት ከፍለው አስታወሱ፦ ነቢዩን የጠሉበት፣ ነቢዩን ከሁሉ በላይ የወደዱበት፣ ሹመት ይዘው ዕጣቸውን እርግጠኛ መሆን ያልቻሉበት ዘመን። ከተቀበሩ በኋላም ግመል ታርዶ ሥጋው እስኪከፋፈል ድረስ ሰዎች ከመቃብራቸው እንዳይርቁ ተናዘዙ።

የሠሩት መስጊድ ደጋግሞ ቢታደስም እስከ ዛሬ በካይሮ ቆሟል። በረመዳን፣ በተለይም በ27ኛው ሌሊት፣ ሰጋጁ ከግቢው አልፎ መንገዱን ይሞላል።