ከእንዶድ አረፋ እስከ ስቶክሆልም፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ

በሀገራችን ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ ስንት ዘመን እንደኖረ የሚቆጥር የለም። ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ይህን የማታውቅ የገጠር እናት አልነበረችም። አረፋው ወንዝ ውስጥ ሌላም ሥራ እንደሚሠራ አስተውለው ለዓለም ያሳወቁት ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በ1928 ዓ.ም. መስከረም ወር በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ዓድዋ ያቀኑትም ብልሃርዚያን ለማጥናት ነበር። የዚህ በሽታ መንሥኤ የሆነው ጥገኛ ትል ከፊል ዕድሜውን በወንዝና በመስኖ ቦይ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያሳልፋል። ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው በቆዳው በኩል ዘልቆ ይገባል። ከብት የሚያጠጣ እረኛ፣ መስኖ የሚጠልፍ ገበሬ፣ ወንዝ ወርዶ የሚዋኝ ልጅ ሁሉ ለበሽታው የተጋለጠ ነው።

ተመራማሪው በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፈው ይሆናል። እርሳቸው በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። የዕፅዋቱን ሥራ የያዙት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ፤ ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያባዙ አወዳድረው፣ ቁጥር 44 የተሰኘውን ዝርያ የተሻለ ሆኖ አገኙት። ይህ ጽሑፍ አቅራቢ በግብርና ኮሌጅ ሳለ እንዶድን የሚያውቀው በአጥር ላይ የሚወጣ ሐረግ አድርጎ ብቻ ነበር።

በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ብልሃርዚያ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በእጅ የሚለቀም፣ በሙቀጫ የሚወቀጥ፣ ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዛውን ኬሚካል ሊተካ የሚችል ነገር ነበር። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል በዘፈቀደ ወንዝ ውስጥ የሚደፋ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም ጥበቃ ነው። በኢትዮጵያ ላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት በዓለም አቀፍ የጤና አካላት ዘንድ ብቻውን በቂ ሆኖ አልተቆጠረም። የደኅንነት ፍተሻው በበለጸጉት ሀገራት ላቦራቶሪዎች እንዲደገም ተጠየቀ፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ በቀላሉ አልተገኘም። ከጊዜ በኋላ የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ደገፋቸው። ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲሠሩም የእንዶድን ጉዳይ አልተዉም፤ የአፍሪካ ምሁር በገዛ ሀገሩ መርምሮ ያገኘው እውነት ስለምን በሌላ ሀገር ካልተመሰከረ አይታመንም የሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር በጋራ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉት ይህ ሽልማት በ1980 የተመሠረተው ያኮብ ፎን ኡክስኩል በተባሉ ሰው ሲሆን፣ መነሻ ገንዘቡም የፖስታ ቴምብር ስብስባቸውን ሸጠው ያገኙት ነው። ኖቤል ለአካባቢና ለድሆች ችግር የሚሆን ዘርፍ እንዲጨምር አስቀድመው ጠይቀው አልተሳካላቸውም ነበር። ዓድዋ ላይ ከታየው የመጀመሪያ ግኝት እስከዚህ ክብር 25 ዓመት አለፈ።

ቀጥሎ የመጣው ጉዳይ ብዙ አነጋግሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ላስቸገረ የዛጎል ዝርያ እንዶድ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ዶክተር አክሊሉ ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋር አሳዩ። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ ግን በዩኒቨርሲቲው እጅ ሆነ። ተክሉን ለዘመናት ሲለቅሙ፣ ሲወቅጡና ሲያጥቡበት ለኖሩት ምን ድርሻ አላቸው የሚለው ክርክርም ከዚያ ተነሣ።

ዶክተር አክሊሉ መጋቢት 1989 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው አረፉ። ቀንድ አውጣዎቹን የሚገድለው የእንዶድ ንጥረ ነገር በሳይንሱ ዓለም ለማቶክሲን ይባላል፤ ስያሜው ከስማቸው የተወሰደ ነው።