ብርሃንን መለኪያ ያደረጉት ሊቅ፤ አልበርት ማይክልሰን

ከወረታ ወጣ ብለን የፎገራን ሜዳ ብንቃኘው እንደ ገበታ የተስተካከለ ይመስለናል። ነገር ግን በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ዝቅተኛው ስፍራ በውሃ ይዋጣል፤ ከፍ ያለው ደርቆ ይቀራል። ዓይን ያላየውን ውሃ ይገልጠዋል። በቶርኖ ተስተካክሎ የወጣ ብረትም እንዲሁ ነው፤ ለዓይን ለስላሳ ይምሰል እንጂ ገጹ ጎድጓዳና ጉብታ አለው። ይኽንን በመርፌ እየዳሰሱ መለካት ይቻላል፤ መርፌው ግን ብረቱን ሊጭረው ይችላል። ሳይነኩ በብርሃን ለሚለኩበት ጥበብ መንገድ ከከፈቱት ሊቃውንት አንዱ አልበርት ማይክልሰን ናቸው።

ማይክልሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1852 ዓ.ም. ያን ጊዜ በፕሩሲያ ግዛት በነበረችው፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው በስትሬልኖ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ወላጆቻቸው ወደ አሜሪካ ይዘዋቸው ተሻገሩ። በ1869 ዓ.ም. የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ለመግባት ፈልገው ቦታው ለሌላ ወጣት ቢሰጥ ተስፋ አልቆረጡም፤ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ለፕሬዚዳንት ግራንት አመለከቱ፤ ተፈቀደላቸውም።

በ1881 ዓ.ም. በጀርመን ሳሉ ኢንተርፌሮሜትር የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው አንዱን ጨረር ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለቱም በየመስተዋታቸው ነጥረው ተመልሰው ይገናኛሉ። ሞገዶቹ ሲስማሙ ብርሃን፣ ሲቃረኑ ጨለማ ስለሚሆን ብሩህና ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። በአንደኛው መስተዋት ፈንታ የተወለወለ ብረት ቢቀመጥ፣ ጭረት ባለበት ሁሉ መስመሮቹ ይጎብጣሉ፤ በጉብጠታቸው መጠንም የጭረቱ ጥልቀት ይታወቃል። በቀይ ብርሃን መስመሩ የአንድ መስመር ያህል ቢዛወር፣ የጥልቀቱ ልዩነት የሚሊሜትር 3,000ኛ እጅ ገደማ ነው።

ይሁን እንጂ ማይክልሰን መሣሪያውን የሠሩት ለብረት አልነበረም። ብርሃን ይጓዝበታል ተብሎ ይታመን የነበረውን ኤተር ለመፈለግ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ከኤድዋርድ ሞርሊ ጋር በክሊቭላንድ አጥብቀው መረመሩ፤ የፈለጉትንም አላገኙም። ቅር ቢላቸውም ውጤቱን ሳይደብቁ አሳተሙት። ከዚያም በ1892ና በ1893 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የሜትርን ርዝመት በካድሚየም ቀይ ብርሃን ለክተው፣ 1,553,163 ተኩል ሞገድ መሆኑን አስታወቁ። በ1907 ዓ.ም. የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1931 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በ78 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ይኽንኑ ዘዴ ከማይክሮስኮፕ ጋር አዋሕደው ለኩሽኔታና ለሞተር ክፍሎች መመርመሪያ አዋሉት። እንግዲህ ወጣቶቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ ሰውዬው የፈለጉትን ባያገኙም ያገኙትን እንዳለ መዝግበዋል፤ ሌላው ትውልድ የተጠቀመውም በዚያ እውነተኛ መሣሪያ ነው።