ቢል ፊንገር

ቢል ፊንገር (የትውልድ ስሙ ሚልተን ፊንገር፤ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1914 – ጃንዩዋሪ 18 ቀን 1974) አሜሪካዊ የኮሚክ መጽሔት ደራሲ ነበር። ከሠዓሊው ቦብ ኬን ጋር ባትማን የተባለውን ልዕለ ጀግና ፈጥሯል። የባትማን አለባበስ፣ የሚኖርበት ከተማ ስምና ከታወቁት ጠላቶቹ አብዛኞቹ ከፊንገር እጅ የወጡ ናቸው። ሆኖም በሕይወት ሳለ በባትማን ፈጣሪነት በይፋ ስሙ አልተጻፈም። ይህ የተስተካከለው በ2015፣ ከሞተ ከ41 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ፊንገር በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ ከአይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ከኦስትሪያ-ሀንጋሪ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ተዛውሮ በብሮንክስ ኖረ። ፊንገር በ1933 ከዴዊት ክሊንተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ጊዜው አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ስለነበር እንደልብ ሥራ አይገኝም ነበር። ፊንገርም ጫማ እየሸጠ ይተዳደር ነበር። በ1938 ገደማ በአንድ ግብዣ ላይ በዚያው ትምህርት ቤት ከተማረው ከቦብ ኬን ጋር ተዋወቀ። ኬን ለሚሥላቸው ተከታታይ ታሪኮች ድርሰት እንዲጽፍለት ጠየቀው። ፊንገር ተስማማ፤ የሚታተመው ግን በኬን ስም ብቻ ነበር።

የባትማን አፈጣጠር

ሱፐርማን በ1938 በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ወጥቶ ብዙ ገዢ ስላገኘ፣ አሳታሚዎቹ ተመሳሳይ ጀግና ይፈልጉ ጀመር። ኬን ባትማን ብሎ የሰየመውን ሥዕል ለፊንገር አሳየው። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ቀይ ጠባብ ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑን ብቻ በትንሽ ጭምብል ሸፍኖ፣ በጀርባው ላይ ቀጥ ያሉ ደረቅ ክንፎች ነበሩት። ፊንገር በመዝገበ ቃላት ውስጥ ያለውን የሌሊት ወፍ ሥዕል አወጣና ጆሮ ያለው ሙሉ ጭምብል እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ክንፎቹ በካባ እንዲተኩ፣ እጆቹ በጓንት እንዲሸፈኑ፣ ቀዩ ልብስም ግራጫና ጥቁር እንዲሆን ያደረገው እርሱ ነው። የዓይኖቹ ብሌን ሳይታይ ነጭ ብቻ ሆነው እንዲቀሩ ያሰበውም ፊንገር ነበር።

ባትማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዲቴክቲቭ ኮሚክስ ቁጥር 27፣ በሜይ 1939 ነው። ታሪኩን የጻፈው ፊንገር ሲሆን፣ ሴራውን የወሰደው በጊዜው ይወደድ ከነበረው የሻዶው ተከታታይ ልብ ወለድ ነበር። ለጀግናው የዘወትር ስም ብሩስ ዌይን የተባለው ከስኮትላንዱ ንጉሥ ከሮበርት ብሩስና ከአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጄኔራል ከአንቶኒ ዌይን ተወስዶ ነው። ጎታም የሚለውን የከተማ ስም ደግሞ ፊንገር ከስልክ ማውጫ ላይ፣ ከአንድ የጌጣጌጥ መደብር ስም አገኘው።

በ1940 ሮቢን የተባለው ልጅ ወደ ታሪኩ ገባ። ባትማን ብቻውን ሲሠራ ሐሳቡን የሚነግረው ሰው ስላልነበረ፣ ለሼርሎክ ሆምስ ዋትሰን እንደሆነለት ለባትማንም የሚያነጋግረው ጓደኛ ማስፈለጉን ፊንገር ተገንዝቦ ነበር። በዚያው ዓመት በባትማን ቁጥር 1 ጆከርና ካትዉማን ታዩ። ለጆከር ፊት መነሻ እንዲሆን ፊንገር በ1928 በወጣ ፊልም ላይ የተጫወተውን የኮንራድ ፋይትን ፎቶግራፍ አምጥቷል። በጆከር አፈጣጠር ግን ኬን፣ ፊንገርና ረዳት ሠዓሊው ጄሪ ሮቢንሰን የየራሳቸው የተለያየ ምስክርነት ነበራቸው። ፔንጉዊን በ1941፣ ቱ-ፌስ በ1942፣ ሪድለር ደግሞ በ1948 ተከተሉ።

የአጻጻፍ ስልት

ባትማን እንደ ሱፐርማን ከሰው በላይ የሆነ ኃይል የለውም። ስለዚህ ፊንገር ታሪኮቹን የሚገነባው በምርመራ፣ በዕውቀትና በብልሃት ላይ ነበር። ያገኘውን እንግዳ ነገር ሁሉ፣ የማሽን አሠራር ይሁን የእንስሳት ጠባይ ወይም የሙያ ምሥጢር፣ በማስታወሻ ደብተሮቹ ይመዘግብ ነበር። በኋላም ጀግናው ከወጥመድ የሚያመልጥበት ዘዴ የሚገኘው ከእነዚህ ደብተሮች ነበር።

ፊንገር ለሠዓሊው አስቦ የሚጽፍ ደራሲም ነበር። ከጽሑፉ ጋር ከመጽሔቶች የቆረጣቸውን ሥዕሎች አያይዞ ይልክ ስለነበር ሠዓሊው ቦታውንና ዕቃውን በግምት መሣል አያስፈልገውም ነበር። ከታወቁት ምልክቶቹ አንዱ ከልክ በላይ ግዙፍ የሆኑ ዕቃዎች ናቸው፤ ባትማንና ወንበዴዎቹ ቤት በሚያህሉ የጽሕፈት መኪናዎች ላይ እየዘለሉ ይዋጋሉ። ከዚህ ጨዋታ ሥር ግን ኀዘን አለ። በ1948 በባትማን ቁጥር 47 በጻፈው ታሪክ፣ በልጅነቱ ወላጆቹ ሲገደሉ ያየው ብሩስ ዌይን ካደገ በኋላ ገዳዩን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ድክመቱ ደግሞ ዝግታው ነበር። አንዱን ታሪክ ደጋግሞ ስለሚያርም ብዙ ጊዜ ከቀጠሮው ያሳልፍ ነበር።

ሌሎች ሥራዎች

በ1940 ከሠዓሊው ማርቲን ኖዴል ጋር የመጀመሪያውን ግሪን ላንተርን ፈጠረ። ለሱፐርማንና ለሱፐርቦይ መጽሔቶችም ጽፏል። የሱፐርቦይ የልጅነት ጓደኛ ላና ላንግ በ1950 የታየችው በእርሱ ታሪክ ነው። ቀደም ሲል በሬዲዮ ድራማ ብቻ ይታወቅ የነበረውን ክሪፕቶናይት የተባለ ማዕድን በ1949 ወደ ኮሚክ መጽሔት ያስገባውም እርሱ ነው። በ1966 ከቻርልስ ሲንክሌር ጋር ለባትማን የቴሌቪዥን ድራማ ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ጽፏል።

የፈጣሪነት ጥያቄ

ኬን ከአሳታሚው ጋር በተዋዋለው ውል ስሙ ብቻ በፈጣሪነት እንዲጻፍ ተስማምቶ ነበር። ፊንገር መጀመሪያ የኬን ተቀጣሪ ስለነበር በውሉ ውስጥ አልገባም። በኋላ በቀጥታ ለአሳታሚው ቢሠራም የሚከፈለው ለጻፈው ገጽ ብቻ ነበር፤ ከባትማን ትርፍ ድርሻ አልነበረውም። በ1965 ፊንገር በኒው ዮርክ በተደረገ የኮሚክ ወዳጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ስለ ሥራው ተናገረ። ጄሪ ቤይልስ የተባለ የኮሚክ ተመራማሪም የፊንገርን ድርሻ ጽፎ አሰራጨ። ኬን በቁጣ መልስ ጽፎ አስተባበለ። ፊንገር ግን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት አልወሰደም።

ሞቱና መታሰቢያው

ፊንገር በ59 ዓመቱ በኒው ዮርክ በመኖሪያ ቤቱ ሞተ። ስም በሌለው መቃብር እንደተቀበረ ለረጅም ጊዜ ይወራ ነበር። እውነቱ ግን አስከሬኑ ተቃጥሎ ልጁ አመዱን በኦሪገን ግዛት የባሕር ዳርቻ ላይ መበተኑ ነው። ኬን በ1989 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ፊንገር የሚገባውን ክብር እንዳላገኘ አመነ። በ2005 ተገቢውን ዕውቅና ላላገኙ የኮሚክ ደራሲያን የሚሰጥ ሽልማት በፊንገር ስም ተቋቋመ። የደራሲው ማርክ ታይለር ኖብልማን ምርምርና የልጅ ልጁ ጥረት ተጨምሮበት፣ ዲሲ ኮሚክስ በ2015 የፊንገር ስም ከኬን ጋር እንዲጻፍ ተስማማ። ስሙ በ2016 በወጣው የባትማንና የሱፐርማን ፊልም ላይ ታየ። በ2017 ደግሞ በብሮንክስ፣ ሁለቱ ሰዎች ስለ ባትማን ይነጋገሩበት ከነበረው ከፖ መናፈሻ አጠገብ ያለ የመንገድ ማዕዘን በቢል ፊንገር ስም ተሰየመ።